የወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዋስ

መኪናው በቆመ ቁጥር ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሦስት ነገር ታደርጋለች። መጀመሪያ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ ጀርባዋ ላይ ያለችውን የልጅ ልጇን የስንዱን እግር ትዳብሳለች፤ የልጅ ብርድ በእግር ነው የሚገባው፣ ሌላው ሁሉ የሰው ወሬ ነው። ቀጥላ የታዘለችበት ነጠላ እንዳይላላ ቋጠሮውን ትጎትታለች። ከዚያ በሸራው ቀዳዳ አጮልቃ ወደ መጡበት መንገድ ትመለከታለች፤ የሚከተል ሰው፣ የሚጋልብ በቅሎ፣ የሚነሣ አቧራ ካለ ብላ። ከንጋት ጀምሮ አምስት ጊዜ ቆመው አምስቱንም ጊዜ ይህንኑ አድርጋለች። አምስቱንም ጊዜ መንገዱ ባዶ ነበር። ባዶ መሆኑ ግን ልቧን አላረጋውም። ባዶ መንገድ ምን ያረጋል? ጅብም የሚመጣው በባዶ መንገድ ነው።

መኪናው ባቄላ በጆንያ የጫነ አሮጌ የጭነት መኪና ነው። ሾፌሩ ይፍሩ ይባላል፤ ዳገት በመጣ ቁጥር መኪናውን እንደ በሬ አንዴ እየለመነ አንዴ እየሰደበ የሚነዳ ወፍራም ሰው። ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ግራዝማች ሞላልኝ ተቀምጠዋል። ምንሽር ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመዋል፤ ዕድሜያቸውን በመሬት ክርክር ከችሎት ወደ ችሎት ሲመላለሱ የጨረሱ ሽማግሌ ናቸው። ከላይ፣ በጆንያው ላይ፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የልጅ ልጇን አዝላ ከቆዳ ነጋዴው ከእንድሪስ ጋር ሸራ ሥር ተጠልላለች። እንድሪስ የወሎ ሰው ነው፤ መኪናው ሲያንገጫግጫቸው «አብሽሪ እናቴ» ይላታል፣ እሷም «እሺ ወንድሜ» ትለዋለች፣ ከዚያ በላይ አይነጋገሩም። እሷ የምትፈራው መጠየቅን ነው።

ጠዋት ኬላው ላይ ፖሊሱ ለይፍሩ የነገረውን ሰምታለች። «ልጅ ሰርቃ የጠፋች ሴት አለች። አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጅ ናት አሉ። ካገኘህ አሳውቅ።» ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ስንዱን በጋቢዋ ሸፍና ትንፋሿን ዋጠች። ሰርቃ! የገዛ ልጇን ልጅ! ልጇ የሻረግ ባለፈው ሰኔ ከሞተች ወዲህ የስንዱ አባት ሌላ ሴት አግብቶ፣ ሕፃኗን ከጥጆች ጋር ሲያስተኟት ከርመዋል። ትናንት ልትጠይቃት ሄዳ የልጅቱን ጀርባ ብታይ በጋለ ብረት የተጠበሰ ቁስል አገኘች። ያኔ ከማንም አልተማከረችም። አዘለቻትና ወጣች፣ በቃ። ከተራራው ማዶ ታናሽ እህቷ አለች፤ እዚያ ከደረሱ ይህችን ልጅ የሚነካት አይኖርም። የሚነካት ካለ በማንጠግቦሽ ሬሳ ላይ ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ መንገዱ ገደሉን ታክኮ ወደ ተራራው በር በሚወጣበት መታጠፊያ ላይ ሳሉ፣ ጉሙ ከሥር ተነሣ። ከላይ የሚወርድ ጉም ነበር የምታውቀው፤ ይህኛው ግን ከገደሉ ሆድ እንደ ጢስ እየተትጎለጎለ ወጥቶ መጀመሪያ ጎማውን፣ ቀጥሎ ጆንያውን፣ ከዚያም የእንድሪስን ፊት ሸፈነ። ነፋሱ ቆመ። ወፍ እንኳ ዝም አለ። ከዚያ በረዶው እንደ ጠጠር ጭነት በአንድ ጊዜ ተራገፈ። መኪናው ጥቂት ተንፏቅቆ ቆመ። ይፍሩ ከታች ጮኸ።

«ፊት ለፊት ናዳ መንገዱን ዘግቶታል! ውረዱ! ቤት አለ፣ ወደ ቤቱ!»

ቤቱ ጣሊያን መንገዱን ሲቆርጥ የሠራው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ የድንጋይ ቤት ነው። የመንገድ ሠራተኞች አልፎ አልፎ ያድሩበታል እንጂ ባለቤት የለውም። ይፍሩና ግራዝማች ቀድመው ገቡ፤ ከኋላቸው እንድሪስ የቆዳ ጥቅልሉን በራሱ ላይ አድርጎ፤ በመጨረሻ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በረዶው የስንዱን ጭንቅላት እንዳይመታ ጎንበስ ብላ፣ ጀርባዋን ወደ በሩ ሰጥታ፣ እየተንፏቀቀች ገባች። ውስጡ ጨለማ ነበር። መካከሉ ላይ ሦስት ጉልቻ ያለው ምድጃ፣ ምድጃው ውስጥ ያልጠፋ ፍም፤ ጥግ ላይ ደግሞ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው በድንጋይ ላይ ተቀምጧል። «እንደምን ዋላችሁ» አለች እንደ ወጉ። ሰውየው ራሱን ዝቅ አደረገ። ማንም ማን ነህ አላለውም። እሳት ዳር ቦታ የሚሻማ ሰው ጥግ የተቀመጠን ምን ብሎ ይጠይቃል?

ይፍሩ ግንዲላ አገኘና እሳቱን አነደደው። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው በረዶ ድምፅ አንዴ ሺህ ፈረስ ጣሪያው ላይ የሚጋልብ ይመስል ጆሮ ያደነቁራል፣ አንዴ ደግሞ ድንገት ሳሳ ብሎ የውሃ ጠብታው ብቻ ይሰማል፤ በሳሳ ጊዜ ሁሉም ሰው ሳያስበው ትንፋሹን ይይዛል፣ ሲመለስ ይተነፍሳል። ቤቱ በእርጥብ ሱፍ፣ በናፍጣ፣ በእንድሪስ ቆዳ ሽታ ተሞላ።

«የሚሸተው ቆዳህ ነው ወይስ አንተ?» አለ ይፍሩ ጫማውን እያወለቀ።

«ወላሂ ቆዳዬ ካንተ ካልሲ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ አንዴ ታጥቧል።»

ይፍሩ ሳቀ። ግራዝማች አልሳቁም። ምንሽራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው የእያንዳንዱን ሰው ፊት በየተራ እያዩ ነበር፤ እንደ ዳኛ። ዓይናቸው ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ላይ ሲደርስ ቆየ። እሷ ስንዱን ከጀርባዋ ሳታወርድ፣ ራሷን በጋቢዋ እንደ ሸፈነቻት፣ ወደ እሳቱ ጠጋ አለች። ባወርዳት፣ ብትነቃ፣ ብታወራ፣ ብትስል፣ ብታስነጥስ፤ አንድ ልጅ ስንት የሚያሳስብ ነገር አለው!

እንድሪስ ቆሎ ከኪሱ አውጥቶ ለሁሉም አዳረሰ። ጥግ ለተቀመጠው ሰውም ዘገነለት። ሰውየው መዳፉን ዘርግቶ ተቀበለ። ሁሉም ቆረጠመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ስታይ የሰውየው መዳፍ እንደ ተዘረጋ ነው፤ ቆሎው አንዲት ፍሬ ሳትጎድል እንደ ተዘገነ አለ። ይጾም ይሆናል አለች በልቧ። ደግሞ የሁሉም ሰው ልብስ ከእሳቱ ሙቀት እንፋሎት ያወጣል፤ የይፍሩ ካፖርት፣ የግራዝማች በርኖስ፣ የእሷም ጋቢ እንደ ድስት ይጨሳሉ። የሰውየው ጋቢ ግን አይጨስም። ቀድሞ ገብቶ ደርቋላ፣ አለች። ልቧ ግን «ደርቋላ» ያለችውን ቃል አልተቀበለም።

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስሙኝ። ይህ በረዶ ቶሎ የሚያቆም አይደለም። እዚህ ቤት ውስጥ ማንም ማንንም አያውቅም። ጠዋት ኬላው ላይ የተባለውንም ሁላችንም ሰምተናል። እኔ ዋስ ከሌለው ሰው ጋር ጎኔን አላሳርፍም፤ ንጉሥ ይሙት! እያንዳንዱ ዋሱን ይጥራ።»

«ግራዝማች፣ በረዶው ዋስ ጠርቷል?» አለ እንድሪስ።

«አንተ መጀመሪያ ጥራ! ቀልደኛ!»

ይፍሩ እጁን አነሣ። «የእንድሪስ ዋስ እኔ ነኝ። ስድስት ዓመት ቆዳውን ጭኜለታለሁ። ሽታው እንጂ እሱ ክፉ አይደለም።»

«ያንተስ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ! ስንት ጊዜ ነው ለችሎት ያመላለስኩዎት? እኔም የእርስዎ ነኝ።»

«መልካም» አሉ ግራዝማች። ዞሩ። «አንቺስ፣ ሴትዮ? ማን ያውቅሻል?»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጋቢውን በስንዱ ላይ ሳብ አደረገች። «እኔ… የቤት እመቤት ነኝ፣ ጌታዬ። እህቴ ዘንድ ነው የምሄደው።»

«እህትሽ እዚህ የለችም። እዚህ ካለነው ማን ያውቅሻል?»

ይኼኔ ነው ስንዱ የነቃችው። ከጋቢው ሥር ራሷን አወጣችና የግራዝማችን ጺም አየች፤ ድምፅዋም ቤቱን ሞላው። «እማማ! አባዬ መጣ እንዴ? ደብቂኝ፣ ደብቂኝ!»

በረዶው የሳሳው በዚያች ቅጽበት ነበር፤ ቃሏ ሁሉ ተሰማ። ይፍሩ ካልሲውን እንደ ያዘ ቀረ።

«ይኸው!» አሉ ግራዝማች። «ይቺ ናት። መንገዱ እንደ ተከፈተ ልጅቱን እኔ ራሴ ተቀብዬ ለፖሊስ አስረክባለሁ። አንቺም ዋስ ካልጠራሽ ከዚያ በር ውጪ ነሽ።»

«አያቷ ነኝ! የልጄ ልጅ ናት! ጀርባዋን እዩት፣ ኑ እዩት፣ የሠሩባትን!»

«ያን ለዳኛ ትነግሪያለሽ። እኔ ዋስ ነው የጠየቅኩት።»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እንድሪስን አየች። እንድሪስ እሳቱን አየ። በዕድሜዋ እንደዚያች ሰዓት ሰው የራባት ጊዜ የለም፤ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ አውቃታለሁ የሚል።

«ዋሷ እኔ ነኝ።»

ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ጩኸቱ መካከል እንዴት እንደ ተሰማ እንጃ። ጥግ የተቀመጠው ሰው ተነሥቶ ቆሟል። ሲነሣ ያየው የለም። ረዥም ነው፤ ፊቱ ደግ፣ የለቅሶ ቤት ሰው ፊት የሚመስል፣ አንዴ ያዩት የሚመስል ግን የት እንደ ሆነ የማይታወስ ፊት።

«ታውቃታለህ?» አሉ ግራዝማች።

«ቤተሰቧን አውቃለሁ።»

«ትቀበይዋለሽ?»

ደንግጣ ነበር፤ ግን የሰጠመ ሰው የያዘውን ገመድ ማን ጣለው ብሎ አይጠይቅም። «ይሁንልኝ» አለች። «እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ።»

ግራዝማች የድሮ ደንብ ወዳድ ናቸው። የሁለቱንም ጋቢ ጫፍ ይዘው እርስ በርስ ቋጠሩት። «በእኛ ጊዜ እንዲህ ነበር። ስትጠራ የሚያቀርባት እሱ ነው። ብትጠፋ የምይዘው አንተን ነው፣ ሰምተሃል?»

«ደንቡን አውቃለሁ» አለ ሰውየው፤ ፈገግም አለ።

እንግዲህ ቋጠሮው እጇ አጠገብ ሆነ። ጣቷ የሰውየውን ጋቢ ሲነካ ደረቅ ነው፤ ደረቅም ብቻ አይደለም፤ ከእሳት ዳር ያለ ልብስ እንዲያ አይቀዘቅዝም። ከእሱ የሚመጣው ሽታም ከቤቱ ሽታ ሥር፣ ከሱፉ፣ ከናፍጣውና ከቆዳው ሥር ቀስ ብሎ ሲወጣ ታወቃት፤ ዓመት ተዘግቶ ኖሮ ክዳኑ ሲነሣ ሰው ፊቱን የሚያዞርበት፣ ያ የእህል ጉድጓድ ሽታ ነው። ስንዱን ወደ ሌላው ትከሻዋ ገፋ አደረገቻት። ምናልባት ችግረኛ ነው፣ አለች። ምናልባት የሚያድረው ጉድጓድ አጠገብ ነው። ሰው ሲቸግረው ስንት ምክንያት ይፈጥራል።

ጎንበስ ብላ ለእንድሪስ በሹክሹክታ ጠየቀችው። «ይህ ሰው ያንተ ወዳጅ ነው?»

«የእኔ? የግራዝማች አሽከር መስሎኝ፣ ከእሳቸው ጋር ጋቢና የመጣ።»

ግራዝማች ሰሙ። «እኔ አሽከር ይዤ አልወጣሁም። ከእናንተ ጋር ጆንያው ላይ የነበረ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ እኔ የቤቱ ዘበኛ ነው ብዬ ነው» አለ ይፍሩ።

ማንም አልሳቀም። አራቱም ሰውየውን አዩት። እሱ መዳፉ ላይ ያለውን ቆሎ እያየ ነበር፤ ምንም የሚቸኩል አይመስልም። የእሱን ዋስ ማንም እንዳልጠየቀ ያን ጊዜ ነው ለሁሉም የታወቃቸው። ግራዝማች ምንሽራቸውን ዳበሱ።

«ቤተሰቤን ከየት ታውቃለህ?» አለች ወይዘሮ ማንጠግቦሽ። ድምፅዋ ቀጥ እንዲል ታገለችው።

«ለልጅሽም ዋስ ነበርኩ» አለ።

አዎ፤ ሚያዝያ ላይ የሻረግ ባሏን ስለ ዱላው ከስሳ ጭቃ ሹሙ ዘንድ ዋስ አጥታ ስታለቅስ፣ አንድ መንገደኛ ቆሞላት ነበር። «የማላውቀው ደግ ሰው» ነበር ያለቻት። ሰኔ ላይ ደግሞ ትኩሳቱ ሲያቃጥላት፣ ዓይኗ በሩን ሲያይ፣ «ዋሴ መጥቷል፣ ኧረ ወንበር ስጡት» ትል ነበር። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዞራ አይታ ነበር። ሰው አልነበረም። ሕመሙ ነው ብላ ግንባሯ ላይ ውሃ አደረገችላት። በማግሥቱ ቀበረቻት።

«የት አደረስካት?» አለች።

«ተጠራች፤ አቀረብኳት። ዋስ ሥራው ሌላ ምንድን ነው?»

እሳቱ ይነድዳል፤ ግን ሙቀቱ አይደርስም። ነበልባሉ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ በሩ፣ ጎንበስ ብሏል፤ ነፋስ ግን የለም። በረዶው እንደገና ሳሳ። ያኔ ከደጅ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ከገደሉ በኩል፣ መንገድ ከሌለበት በኩል፣ ድምፅ መጣ። እንደ ሰው ጩኸት አይደለም፤ ሰው ለመጥራት ሥራዬ ብሎ የተቀመጠ ሰው፣ የሚጠራው ሰው መጣ አልመጣ ግድ የማይሰጠው ሰው እንደሚጣራው፣ ረዥምና የሰለቸ ነበር።

«ወለተ ሰንበት…!»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ቀና አለች። የክርስትና ስሟ ነው። ያን ስም የሚያውቁ እናቷና የንስሐ አባቷ ነበሩ፤ ሁለቱም አፈር ከለበሱ ብዙ ዘመን ሆኗል።

«እንደ ችሎት ነው የሚጣራው» አሉ ግራዝማች። ከንፈራቸው ነጥቷል። «ልክ እንደ ችሎት ነው። ማንን ነው?»

«እኔን ነው» አለች።

«ሦስት ጊዜ ነው የሚጠራው…» ሽማግሌው ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆኑ። «በሦስተኛው ያልቀረበ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ከዚያ ዋሱ ይያዛል።»

ሰውየው ጋቢውን አስተካከለ፤ ቋጠሮውም ጎተታት። ሲስባት ኃይል የለውም፤ እንደ ልጅ እጅ ነው የሚስበው፤ ግን እግሮቿ ሳታዛቸው ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዱ። «ነይ እናቴ። አትፍሪ። ልጅሽም ፈርታ ነበር።»

«ሕፃኗስ?»

«እሷ አልተጠራችም። እዚሁ ትቀራለች።»

እዚሁ። ከማን ጋር? ለፖሊስ፣ ከፖሊስ ለአባቷ፣ ከአባቷ ለእንጀራ እናቷ፣ ከእንጀራ እናቷ ለዚያ ብረት። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ዕድሜዋን ሁሉ ፈሪ ነበረች፤ ጎርፍ ስትፈራ፣ ውሻ ስትፈራ፣ ሰው ምን ይለኛል ስትል ነው ያረጀችው። በዚያች ሰዓት ፍርሃቷ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ ሄደና ሌላ ነገር ሆኖ ተመለሰ። ተረከዟን መሬቱ ላይ ተከለች።

«አልቀርብም!»

«ወለተ ሰንበት…!» አለ ድምፁ፤ አሁን ከቤቱ ግድግዳ ሥር ነው።

«አልቀርብም አልኩ! የጠራኝ ይጥራ፣ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጥራ! ይህችን ልጅ አሳድጌ፣ ድሬ፣ ኩዬ፣ ያኔ በገዛ እግሬ እመጣለሁ፤ ጠሪ አያስፈልገኝም፣ አቅራቢም አያስፈልገኝም። ግራዝማች! እርስዎ ደንብ አዋቂ ነዎት። ይመስክሩልኝ። ይህን ሰው ከዋስነቴ አውርጄዋለሁ!»

ግራዝማች ምንሽራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ትችላለች» አሉ። «ዋሱን ማውረድ ትችላለች።»

«ትችላለች» አለ ሰውየው በትሕትና። «ግን ዋስ ሳይተካ አይወርድም። ይህንንም ያውቁታል፣ ግራዝማች። ማን ይተካኛል?»

በየተራ አያቸው። ይፍሩ መሬት መሬት አየ። ግራዝማች ምንሽራቸውን፣ እሱን ምንም የማያደርገውን ብረት፣ አጥብቀው ያዙ። እንድሪስ አፉን ከፈተ፤ «እኔ…» አለ፤ «እኔ ሰባት ልጆች አሉኝ፣ እናቴ» ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አልፈረደችበትም። ወላድ በወላድ አይፈርድም።

«ማንም አይተካህም!» አለች። «ለእኔ የሚማገድ ሰው አልፈልግም!»

በረዶው በዚያች ቅጽበት ባለ በሌለ ኃይሉ ጣሪያው ላይ ወረደ፤ የራሷን ድምፅ እንኳ አልሰማችውም። ጋቢዋን ከትከሻዋ ልትጥል አጎነበሰች፤ ሙልጭ ብላ ከቋጠሮው ልትወጣ፣ ጋቢውን ከእነ ቋጠሮው ልትተውለት። ቀና ስትል ሰውየው እያያት አልነበረም። በትከሻዋ ላይ አሻግሮ፣ ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ ይሁን ጨለማውን፣ እያየ ነበር፤ ፊቱም የደስታ ፊት ነበር። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ቃሉን ከአፉ ላይ አነበበችው፦ «ተቀብያለሁ።»

ከዚያ በገዛ እጁ ቋጠሮውን ፈታው። ጋቢዋን አራግፎ፣ አጣጥፎ፣ ለእናቱ እንደሚሰጥ ሰው በሁለት እጁ ሰጣት። ሄዶም ቦታው ላይ ተቀመጠ።

እሷ አልጠበቀችም። በሩን በእግሯ ገፍታ ወጣች። እንድሪስ ከኋላዋ ሮጦ ከጥቅልሉ አንድ የበግ ለምድ መዝዞ በሁለቱም ላይ ጣለባቸው፤ «አውፍ በይኝ» አላት፤ ዓይኑ እንባ ነበር። «ይቅር ብዬሃለሁ አንተ ልጅ፣ ግባና እሳቱን ተጠጋ» አለችው፤ ያን ጊዜም ልጅ መምከር አልተዋትም።

ናዳውን በእጇና በጉልበቷ ተሻገረችው። ድንጋዩ ይንከባለላል፣ ጭቃው ይውጣል፣ በረዶው ፊቷን ይጠብሳል፤ እሷ ግን እየተሳደበች ነበር። ጉሙን ተሳደበች፣ ገደሉን ተሳደበች፣ ያን ሰውዬና ላኪውን ተሳደበች። በዕድሜዋ ሙሉ ውስጧ የተጠራቀመው ስድብ ሁሉ ወጣ፤ በየስድቡም ጉልበት አገኘች። ሦስተኛውን ጥሪ በጆሮዋ ትጠብቃለች። አንድ መታጠፊያ አለፈች፤ አልመጣም። ሁለተኛውን አለፈች፤ አልመጣም። ከተራራው በር ወዲያ መንገዱ መውረድ ሲጀምር በረዶው ቀጠነ፣ ዝናብ ሆነ፣ ቆመ። ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገለጠና ከታች፣ ከሸለቆው ማዶ፣ የእህቷ አገር ታየ፤ የባሕር ዛፍ ጢስ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚያበራ የአሥር ሰዓት ፀሐይ፣ የሚጮህ አህያ። የሰው አገር።

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። «አሸነፍነው!» አለች። «ስንዱዬ፣ አያትሽን አየሻት? አልቀርብም አልኩት እኮ! ተወኝ እኮ!» እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ እግሯን ዳበሰች። ለምዱ ሙቅ ነው፣ ነጠላውም ደረቅ ነው፤ እግሯ ግን እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። በመዳፏ አፍና፣ እፍ እያለች፣ ታሻት ጀመር። «ምነው ልጄ፣ በረደሽ? ለምን ዝም አልሽኝ? ፈራሽ እንዴ?»

«አልፈራሁም» አለች ስንዱ፤ እንቅልፍ የመጣባት ድምፅ ነበር፣ ጉንጯም የአያቷ አንገት ላይ ተጣብቋል፤ «ሰውየው ማን ይተካኛል ሲል ሁሉም ዝም አሉሽ፤ አሳዘንሽኝና እኔ እጄን አወጣሁለት።»